ዶሮዋን ዘቅዝቃችሁ አትያዙ፦ ከእንስሳት ጋር ለምትውሉ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች

የፋሲካ ዋዜማ ነበር። እናቴ ብር አስጨበጠችኝና ዶሮ ግዛ ብላ ሰኞ ገበያ ወደሚባለው ገበያ ላከችኝ። 14 ዓመቴ ነበር። ተከራከርኩ፣ አስቀነስኩ፣ ገዛሁ። ከዚያ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ሁለት እግሯን አስሬ፣ ዘቅዝቄ፣ እያወዛወዝኳት ወደ ቤት። መንገድ ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ቆምኩ። ዶሮዋን እንደተዘቀዘቀች አጥር ላይ አንጠልጥዬ አንድ ጨዋታ ተጫወትኩ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ። ቤት ስደርስ እናቴ ተቀበለችኝና አንገቷን ቀና አደረገችው። ተመልሶ ወደቀ። «በክት ይዘህልኝ መጣህ?» አለችኝ። ሌላ ቃል አልወጣትም፤ እሱ ነው የከፋው። የዚያን ፋሲካ ዶሮ ወጥ የቀመስነው ከጎረቤት በመጣ ሳህን ነው።

እንስሳ ውደዱ ብዬ አልሰብክም። እኔም ውሻ አቅፌ አልተኛም። ግን ብዙዎቻችን የምንጎዳቸው አያያዙን ማንም ስላላሳየን ነው፤ ስለዚህ የምጽፍላችሁ የእጅ ሥራ ነው። እንዴት እንደሚያዝ፣ እንዴት እንደሚጫን፣ እንዴት እንደሚታሰር፣ እንዴት እንደሚታለፍ።

ደረጃ 1፦ ዶሮ

ዶሮ እንደ እኛ ደረቷንና ሆዷን የሚለይ የጡንቻ መጋረጃ የላትም። ስትዘቀዘቅ የሆድ ዕቃዋ ሳንባዋ ላይ ይጫናል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ዝም ስትል «ለመደች» እንላለን። ምን ትለምዳለች፣ መጮኽ አቅቷት እንጂ።

አያያዙ እንዲህ ነው። በሁለት እጃችሁ ከላይ ክንፎቿን ከጎኗ ጋር አጣብቁ። ክንፏ ካልተከፈተ አትንፈራገጥም። ከዚያ አንዱን መዳፍ ከደረቷ ሥር አስገቡ፣ እግሮቿን በጣቶቻችሁ መሃል ያዙ፣ ብብታችሁ ሥር ሸጎጥ አድርጓት፣ ጭንቅላቷ ወደ ኋላ እንዲያይ። ልቧ ሲመታ ክንዳችሁ ላይ ይሰማችኋል። ጥቂት እንደሄዳችሁ ደግሞ ረገብ ሲል ይሰማችኋል።

መንገዱ ረጅም ከሆነ ወይ በባጃጅ ከሄዳችሁ ካርቶን ፈልጉ። ከሱቅ የሳሙና ወይ የብስኩት ካርቶን ለምኑ፣ ጎንና ጎኑን በቢላ ብሱ፣ ከታች ጋዜጣ ወይ ገለባ አንጥፉ። ጨለም ሲልባት ትረጋጋለች። ፌስታል ውስጥ ከትቶ አንገቷን ብቻ ማውጣት ግን አይሆንም፤ ኮምቦልቻ ላይ በቀትር ከሆነማ ሳትታረድ መቀቀል ነው። ቤት ስትገቡ እግሯን ፍቱ፣ ውሃ ስጡ። ነገ የምትታረድም ብትሆን።

ይስቁባችኋል። እኔ «ሙሽራ ነው እንዴ ያቀፍከው?» ተብያለሁ።

ደረጃ 2፦ መንገድ ላይ ውሻ ስታገኙ

ደሴ ውስጥ የጫማችሁን ክር ልታስሩ ጎንበስ በሉ። በአካባቢው ያለ ውሻ ሁሉ ይፈረጥጣል። ድንጋይ ያነሳችሁ መስሎት ነው፤ ከቡችላነቱ ጀምሮ ጎንበስ ያለ ሰው ሁሉ ሲወግረው ነው ያደገው። እኔም ወግሬያለሁ፣ ያውም ምንም ሳያደርገኝ፣ ጓደኞቼ ስላዩኝ ብቻ።

የተወገረ ውሻ ሰው ክፉ መሆኑን ነው የሚማረው። የሚነክሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የፈራው ነው። ገና ሳይነጋ ለሱብሒ ወይ ለኪዳን የሚወጣ ሰው፣ ውሾች አምስትና ስድስት ሆነው ሲከቡት ይህን በደንብ ያውቀዋል።

ስለዚህ አትሩጡ፤ ከሮጣችሁ ያሳድዳል። ቁሙ። እጃችሁን ከጎናችሁ አድርጉ። ዓይን ለዓይን አትዩት፣ ፊት ለፊትም አትጋፈጡት፤ ጎናችሁን ስጡት። ሲበርድለት ቀስ እያላችሁ ራቁ፣ ጀርባችሁን ሳትሰጡ። የሚበላ ውሻ፣ የተኛ ውሻ፣ ቡችላ ያላት እናት አትጠጉ። ጅራቱን እግሩ መሃል ከትቶ ጆሮውን ወደ ኋላ ያጠፈ ውሻ «ተዉኝ» እያለ ነው። ተዉት።

ወሎ ነውና «የውሻ ምራቅ ነጃሳ ነው» ተብላችሁ ያደጋችሁ ብዙ ናችሁ። መልካም፣ አትንኩት። ግን አለመንካትና መውገር ምን አገናኛቸው? ለተጠማ ውሻ ውሃ ማጠጣት አጅር እንዳለው የሚያስተምሩትም እነዚያው ኡስታዞች ናቸው።

ከተነከሳችሁስ? ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡት። 15 ደቂቃ ከምታስቡት በላይ ረጅም ስለሆነ ሰዓት ያዙ። ቡና፣ በርበሬ፣ ቅጠል አትነስንሱበት። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይ ሆስፒታል ሂዱ፣ ጭረት ብቻ ብትሆንም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ በጊዜ ከተጀመረ ግን ያድናል። ልጆች ደግሞ ቁጣ ፈርተው ንክሻ ይደብቃሉ። ታናናሾቻችሁን ዛሬውኑ «ከተነከስክ አልቆጣህም፣ ብቻ ንገረኝ» በሏቸው።

ደረጃ 3፦ የግቢ ውሻ

«ውሻ አለን» ስንል ብዙ ጊዜ ከበሩ አጠገብ አንድ ሜትር ሰንሰለት ላይ ዕድሜውን የሚጨርስ ውሻ ማለታችን ነው። ዛሬ ማታ አንገቱ ላይ ያለውን ማሰሪያ በጣታችሁ ፈትሹ። ሁለት ጣት ካልገባ ጠብቋል። ቡችላ ሳለ የታሰረለት ገመድ ሳይቀየርለት አድጎ፣ ገመዱ አንገቱ ውስጥ ሰርጎ ቆዳው ከላዩ ሲገጥም በዓይኔ አይቻለሁ። ሰንሰለቱን አስረዝሙለት። የግቢው በር ሲዘጋ ፍቱት፤ ሌሊት የሚጠብቃችሁም ሲፈታ ነው። ውሃው የማይገለበጥ ከባድ ዕቃ ውስጥ ይሁን።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ሲሚንቶ ላይ አያስተኛም። ሁለት ጣውላ አጋድሙ፣ ከላዩ ጆንያ አንጥፉ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል በአሮጌ ቆርቆሮ ጋርዱ። በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው።

የተቀቀለ የዶሮ አጥንት አትስጡት፤ ተሰንጥቆ ጉሮሮውንና አንጀቱን ይወጋል። እከክ ከያዘው ደግሞ ሠፈር ውስጥ የሚታዘዘው የተቃጠለ የመኪና ዘይት ወይም ነጭ ጋዝ ነው። ቆዳውን ያቃጥለዋል፣ ሲልሰው ይመርዘዋል። እከክ በመርፌ የሚድን በሽታ ነው፤ የእንስሳት ክሊኒክ ውሰዱት፣ መጠኑን ባለሙያው ይወስን።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ሦስት ወር ሲሞላው አስጀምሩ፣ ከዚያ በየዓመቱ። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 ከመቶው ከተከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ የሚሄድበት መንገድ ይዘጋል። ይህ የሚጠቅመው ለሰው ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንኳ አይሞሉም፤ ከእነሱ የተወሰኑት እዚሁ ደቡብ ወሎ፣ ቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ናቸው። ከትልልቅ ጠላቶቻቸው አንዱ ከውሻ የሚይዛቸው በሽታ ነው። በዚያ በኩል ዘመድ ካላችሁ ስልክ ስትደውሉ «ውሻችሁ ተከትቧል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር ደግሞ። ሴት ቡችላዎችን በከረጢት አስሮ ወንዝ ዳር የሚጥሉት አብዛኛውን ጊዜ ልጆች ናቸው፣ አዋቂ ልኳቸው። የተላካችሁት እናንተ ከሆናችሁ ጊዜ ለምኑ። ስምንት ሳምንት እስኪሆናቸው ከእናታቸው ጋር ይቆዩ፣ እስከዚያ ወሳጅ ፈልጉላቸው። እናቲቱ በየጊዜው እንዳትወልድ ማምከን ይቻል እንደሆነ ክሊኒኩን ጠይቁ።

ደረጃ 4፦ አህያ

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ ከሁሉም በላይ የምትበደለው አህያ ናት። ሕመሟን አታሳይም። ፈረስ ሲፈራ ይበረግጋል፣ እሷ ስትፈራ ባለችበት ትቆማለች፣ እኛ ደግሞ «ግትር» ብለን እንደበድባታለን።

ደንቡ ቀላል ነው፦ ጭነቱ ከክብደቷ ሲሶ አይብለጥ። አህያዋ 120 ኪሎ ብትሆን ሲሶዋ 40 ኪሎ ነው። እኛ የምንጭንባት ኩንታል ነው። ደሴ ደግሞ ዳገት እንጂ ሜዳ የት አላት? ኩንታሉን ለሁለት አህያ ብታካፍሉት እንኳ 50 ኪሎ ይደርሳቸዋል፤ ለትንሿ ያም ይበዛል። «እኔ አህያ የለኝ፣ ምን አገባኝ» እንዳትሉ። ጤፉን ወፍጮ ቤት የምታስጭኑት እናንተ ናችሁ። ለግንባታ አሸዋ የምታስመጡትም እናንተ ናችሁ። ከፋይ ስለሆናችሁ ማዘዝ ትችላላችሁ፦ በሦስት ምልልስ ይምጣልኝ በሉ፣ ልዩነቱን ክፈሉ።

ከመጫኑ በፊት መዳፋችሁን ከትከሻዋ እስከ ዳሌዋ ጀርባዋ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አሂዱ። ከተሸማቀቀች እዚያ ጋ ያማታል። ከጭነቱ ሥር የሚደረገውን ጆንያ አራግፉ፤ አንዲት ጠጠር ወይ አንድ የተጠቀለለ ጠርዝ ነው ቀስ በቀስ የሚገጥባት። ጆንያው ወፍራምና ደረቅ ይሁን። ጭነቱን በግራና በቀኝ እኩል አድርጉ፤ ከኋላ ቆማችሁ ስታዩት ማዘንበል የለበትም። ከሆዷ ሥር የሚያልፈው ቀጭን የናይለን ገመድ ከሆነ ቆዳዋን ይቆርጣል፣ ሰፊ ጠፍር ወይ በጨርቅ የተጠቀለለ ይሁን።

አንድ ከኩታበር በኩል እንጨት የሚያመጡ አባት ነበሩ። ዳገቱ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ይቆማሉ። ሌሎቹ ነጋዴዎች አህዮቻቸውን እንደተጫኑ አቁመው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። እሳቸው ግን መጫኛውን ፈትተው እንጨቱን ያወርዳሉ፣ ከዚያ ነው ራሳቸው የሚቀመጡት። አንድ ቀን «አባ፣ እንደገና መጫኑ አይሰለችዎትም?» አልኳቸው። «እኔ ሳርፍ እሷ ቆማ ተሸክማ ልትጠብቀኝ ነው?» አሉኝ። ያቺ አህያ ዱላ አታውቅም። ተነስተው ሲሄዱ ገመዷን እንኳ ሳይስቡ ከኋላቸው ትከተላለች።

ቀድማ የተገጠበች ከሆነ ቁስሉን ፈልቶ በቀዘቀዘ፣ ጥቂት ጨው ባለበት ውሃ እጠቡት። ዘይትና የባትሪ አሲድ አይፈስበትም። እስኪሽር ጭነት የለም። ይህን ለባለቤቱ መንገር ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ የዕለት እንጀራው ነውና፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ደረጃ 5፦ ፌስታል

ጎረቤት ያለ በግ ወይ የመንገድ ላም የሙዝ ልጣጭ የሸተተውን ፌስታል ከነልጣጩ ይውጠዋል። ፌስታል ጨጓራ ውስጥ አይፈጭም። ይከማቻል፣ ይተበተባል፣ ከብቱ ሆዱ ተነፍቶ እየከሳ ይሞታል። ስለዚህ የልጣጭ ባልዲ ለብቻ፣ የፌስታል ለብቻ። ልጣጩን በግ ላለው ጎረቤት ስጡ፣ በበዓል ሳምንት ወዳጅ ታበዙበታላችሁ። የምትቅሙም ካላችሁ ገራባውን ከነፌስታሉ ቋጥራችሁ አትወርውሩ። ፍየል አይታ አታልፍም፣ ቋጠሮ መፍታት ደግሞ አትችልም።

ደረጃ 6፦ ድመት፣ ወፍ

ድመት ታማ ካያችሁ ፓራሲታሞል አትስጧት። አንድ ፍሬ ሊገድላት ይችላል። የአይጥ መርዝ በልታ የደነዘዘች አይጥም ድመቷን ይዛት ትሄዳለች፤ ድመት ካላችሁ መርዝ አታስፈልጋችሁም፣ ወጥመድ ይበቃል። ወተት ለብዙ ትልልቅ ድመቶች ተቅማጥ ነው፣ ውሃ አስቀምጡላት።

የወፍ ጫጩት ከጎጆዋ ወድቃ ካገኛችሁ መልሳችሁ አስቀምጧት። «ሰው ከነካት እናቷ ትተዋታለች» የሚባለው እውነት አይደለም። ላባ አውጥታ መሬት ላይ የምትዘል ከሆነች ደግሞ መብረር እየተማረች ነው፤ ድመቷን አርቁና ሂዱ። የላስቲክ ወንጭፍ የያዘ ታናሽ ወንድም ካላችሁ ጣሳ ደርድሩለትና በጣሳው ይወዳደር፣ ዒላማው ይሻሻልለታል።

ደረጃ 7፦ የበዓል በግ

ለዐረፋም ለፋሲካም ኮምቦልቻ ተገዝቶ ደሴ የሚታረድ በግ የሐረጎን ዳገት መውጣት አለበት። 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ግን ጠመዝማዛ ነው፣ ሽቅቡም 600 ሜትር ገደማ። አራት እግሩ ታስሮ የመኪና ጣሪያ ላይ በጎኑ የተጋደመ በግ ሆዱ ውስጥ ያለው ጋዝ መውጫ ያጣል፣ ይነፋል። ቢቻል ውስጥ፣ በደረቱ ተንበርክኮ፣ ሣር ላይ ይምጣ። ግድ ታስሮ ከሆነም በጎኑ አይጋደም፣ እንደደረሰ ወዲያው ይፈታ።

ቤት ከገባ በኋላ ያለው ሥራ የልጆች ነው። ጥላ፣ ውሃ፣ ሣር። ውሃውን እስከ መጨረሻዋ ሰዓት አትከልክሉት። ቀንድ ይዞ መጎተት፣ ላዩ ላይ መጋለብ፣ ከጎረቤት በግ ጋር ማዋጋት ይቅር። ቢላው እሱ በማያይበት ይሳል። እዚህ ላይ ሼሁም ቄሱም አይጣሉም።

ደረጃ 8፦ ለባለቤቱ መንገር

ስልክ አውጥታችሁ አትቅረጹ፣ መጀመሪያ እሱ ይቅር። የተደበደበ አህያ ቪዲዮ ብዙ ሰው ያየዋል፣ አህያዋ ግን ነገም እዚያው ናት፤ ሰውዬው ደግሞ በሰው ፊት ስለተዋረደ እልህ ይይዘዋል። ለመሳቅ የተቀረጸውንማ ጭራሽ አታጋሩ።

ኮምቦልቻ ላይ አንድ የጋሪ ፈረስ በየቀኑ አይ ነበር። ዳማ ነው። ማሰሪያው ትከሻው ላይ የሚያርፍበት ቦታ ተልጦ፣ ዝንብ ሰፍሮበታል። የመጀመሪያ ቀን ፊት ለፊት ሄድኩና «ጋሼ፣ ይሄ ፈረስ ቆስሎ እንዴት ታሠሩታላችሁ?» አልኩ። «አንተ ትቀልበዋለህ?» አሉኝ። ትክክል ነበሩ። አፍሬ ሄድኩ።

በሳምንቱ ተመለስኩ። አሁን ጋሪው ላይ ተሳፈርኩ፣ ከፈልኩ፣ ስንወርድ ሻይ ጋበዝኳቸው። ስለ ቁስሉ አላነሳሁም። የፈረሱን ስም ጠየቅኩ፣ ስንት ዓመት አብሯቸው እንደሠራ፣ ገብስ ይወዳል ወይስ ፉርሽካ። እየነገሩኝ ሄዱ፤ ሰው ስለሚኮራበት ልጁ ሲያወራ እንደሚያወራው ነው ያወሩት። ከዚያ ራሳቸው እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉና «ይቺ ነገር ብቻ አልድን አለችኝ» አሉ።

«ማሰሪያውን በወፍራም ጨርቅ ብንጠቀልለው፣ ቁስሉን ደግሞ ባይነካው ምን ይመስልዎታል?» አልኩ።

«ጨርቁን አንተ ታመጣለህ?»

በማግሥቱ የአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ፣ መርፌና ወፍራም ክር ይዤ ሄድኩ። እኔ ማሰሪያውን ይዤ እሳቸው ሰፉት። ሁለት ጊዜ ፈትተን ሰፋነው፤ መጀመሪያ ያደረግነው አበጥ ብሎ ቁስሉ ጠርዝ ላይ ያርፍ ነበር፣ ስለዚህ በቁስሉ ትክክል ያለውን ቆርጠን ክፍት ተውነው። ሦስት ቀን እንዲያርፍ ለመንኳቸው፤ አንድ ቀን አሳረፉት። ሲጨርሱ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና መርፌውን መለሱልኝ። «አብሽር» አሉኝ፣ «የግራውን ነገ እንሰፋዋለን።»